ሰንጢ ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም

በአገራችን መሬት ሳይነካ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ ነገር ቢኖር ስለት ነው። «እስቲ ቢላ አቀብለኝ» ያሉት ሰው ቢላውን እጅዎ ላይ አያኖርም፤ እግርዎ ሥር ያስቀምጠውና እጁን ይሰበስባል። እርስዎም ጎንበስ ብለው ያነሳሉ። መቀስም እንደዚሁ ነው፣ ምላጭም እንደዚሁ ነው፣ መርፌ እንኳ እንደ አቅሟ መሬት ትወርዳለች። ለምን ቢሉ፣ ስለት ከእጅ ወደ እጅ ከሄደ ሰጪና ተቀባይ ይጣላሉ። እነማን ተጣሉ? አይታወቅም። ማን አየ? ማንም። ብቻ ይጣላሉ።

እኔ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቼ ያገባሁ ሰው ነኝ። በመሃል የተቋረጠ ትምህርት ክፋቱ፣ ጥያቄው ከሰው ጋር ይሄድና መልሱ ትምህርት ቤት ይቀራል። ደግሞ ብዙ አልናገርም። ዝምተኛ መሆን ግን አንድ ጥቅም አለው፤ ሰው አብረኸው መቀመጥህን ይረሳል፣ አንተም ቁጭ ብለህ ሁሉን ታያለህ። የስለቱንም ነገር እንዲሁ ቁጭ ብዬ ስከታተለው የኖርኩ ነኝ።

ይበልጥ የከነከነኝ ሰንጢዬን የገዛሁ ዕለት ነው። ነፍሰ ጡር ሳለሁ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ስመለስ አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ጊንጪ ላይ ቆመ። ብርቱካን አማረኝና በመስኮት ገዛሁ፤ መላጫ ግን አልነበረኝም። ወርጄ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁ ከስልጤ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። የቀንድ እጀታ ያላት፣ ስትታጠፍ ከመዳፍ የማትበልጥ ሰንጢ አወጡልኝ። እጄን ብዘረጋ አልሰጡኝም፤ ባንኮኒው ላይ አስቀመጧትና በጣታቸው ገፋ አደረጓት። እስላምም ይህን ይፈራል እንዴ ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እህቴ፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጬ መጥቼ ሱቅ የከፈትኩት ከደንበኛ ልጣላ ነው?» አሉኝ።

መንገዱን ሙሉ ብርቱካኔን እየላጥኩ አሰብኩበት። በጾም የማይገናኝ፣ አንዱ ያረደውን ሌላው የማይቀምስ፣ በሰላምታው እንኳ የሚለያይ ሕዝብ እንዴት በዚህች ብቻ ተስማማ? ማን ሰብስቦ አስማማው?

ባሌ ግርማ አምቦ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ቤት ገብቼ ጥያቄዬን ባቀርብለት «የፊውዳሉ ሥርዓት ርዝራዥ ነው» አለኝ። በዚያ ዘመን የጥያቄ ሁሉ መልስ ይኸው ነበር፤ ጣሪያው ሲያፈስ ርዝራዥ ነው፣ ዘይት ከሱቅ ሲጠፋም ርዝራዥ ነው። ሰንጢዋንም ገለባብጦ አያትና «ይቺ ለሽንኩርትም አትበቃ» ብሎ መለሰልኝ። በእጄ ነው የመለሰልኝ። ያን ዕለትም በማግስቱም ጠብቄ ነበር፤ አልተጣላንም።

ግርማ የተጣላው ከታላቅ ወንድሙ ከኦቦ ለሚ ጋር ነው፤ ያውም ያለ ምንም ስለት። ኦቦ ለሚ እንጭኒ አጠገብ ያርሳሉ፣ በገበያ ቀን ደግሞ እህል ይነግዳሉ። አባታቸው ቀድመው ስላረፉ ባሌን አሳድገው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ልጃችን ወንድ ሆኖ ሲወለድ ታዲያ ደስ ብሏቸው መጡና «ቶሎሳ በሉት፤ የአባታችን ስም ወደ ቤት ይመለስ» አሉ። ባሌ ስሙ አብዮት ነው አለ። የአባታችን ስምማ ከኔ ስም ኋላ አለ፣ ግርማ ቶሎሳ እባል የለ ወይ ቢላቸው፣ «ዕድሜ ልኩን ከኋላህ ሲጎተት ይኑር? አንድ ቀን እንኳ ከፊት ይሂድ እንጂ» አሉት። እሱ አንድ ቃል ጨመረ፣ እሳቸው ሁለት ጨመሩ፣ ገንፎውን ሳይቀምሱ ተነስተው ወጡ። እናቲቱስ ምን አለች? የጠየቃት የለም። እኔ ልጁን ማሙሽ እለዋለሁ፤ ማሙሽ የሚባል ስም ማንንም አያስቀይምም።

ዓመት አለፈ። ባሌ ድሮ ጢሙን ሲላጭ ያፏጭ ነበር፤ ፉጨቱ ቆመ። «ጋሼ» ይላቸው የነበሩት ወንድሙም «ኦቦ ለሚ» ሆኑ፣ ልክ ቢሮ እንደ መጡ ባለጉዳይ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ክረምቱን መምህራን ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ሩቅ አገር እንደሚላኩ ተነገረ፤ ግርማም ከሚሄዱት አንዱ ሆነ። የኔ ወላጆች በሕይወት የሉም። እሱ ሲሄድ እኔና ማሙሽ ማን ቤት እንገባለን? ከእንጭኒ በቀር ሌላ በር አልነበረንም፤ ያ በር ደግሞ በአንድ ስም ተቆልፏል።

ጎረቤታችን ኦቦ ጉተማ ሽምግልና የሚወዱ አዛውንት ናቸው፤ በሰፈሩ የተጣላ ሰው ሲጠፋ ቅር ይላቸዋል እየተባለ ይታማሉ። ሁለቱን ለማገናኘት ብዙ ተመላለሱ። ኦቦ ለሚ አምቦን አልረግጥም አሉ፤ ግርማ እንጭኒ አልሄድም አለ። በመጨረሻ ቢመራቸው «እንግዲያው ከሁለታችሁም ያልሆነ ጉድጓድ ፈልጉልኝ» አሉ። ባሌ ወዲያው «ወንጪ» አለ። የወንጪ ሐይቅ የተኛበት ገደል የሞተ እሳተ ገሞራ አፍ መሆኑን በየዓመቱ ለተማሪዎቹ ያስተምራል፤ እሱ ራሱ ግን ወርዶበት አያውቅም። ኦቦ ጉተማም የሞተ እሳት ለእርቅ መልካም ምልክት ነው ብለው ተቀበሉት።

የሰኔ ጾም ሳይገባ በግንቦት ወር በአንዱ እሑድ ተቀጠረ። ኦቦ ለሚ በግ ያመጣሉ፤ በጉ ሐይቁ ዳር ይታረዳል፤ ወንድማማቾቹ ከአንድ ጉበት ይቆርሳሉ፤ በቃ ታረቁ። ከዚያ በፊት ግን አንዳችም እህል አይቀመስም አሉ ኦቦ ጉተማ፤ ደንቡ ነው አሉ። የማን ደንብ እንደሆነ የጠየቀ የለም። «የጠቡ ባለቤትም ይቅረብ» ብለው ማሙሽን አዘዙ። የማሙሽ ወተት እኔ ዘንድ ስለሆነ እኔም ተጨመርኩ።

ድንች ሊጭን የሚወጣ መኪና ከአምቦ አሳፍሮ እስከ ገደሉ አፋፍ አደረሰንና ማታ ስንመለስ እንድንጠብቀው ነግሮን ሄደ። ኦቦ ለሚ በጋቢ ተጠቅልለው፣ በጉን በገመድ ይዘው ከቀደመው ቀን ጀምሮ እዚያ ዘመድ ቤት ነበሩ። ከአፋፉ ሆነን ቁልቁል ስናይ ሐይቁ ከታች እንደ ወደቀ የሰማይ ቁራጭ ያበራል፤ ደሴቲቱም መሃሉ ላይ ጠቆር ብላ ትታያለች። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ነው። የኛ በግ ሁለቱንም አይቶ ነበር፤ አንድ እርምጃ ወርዶ ሁለት ይመለሳል።

ወንድማማቾቹ ከእናታቸው የሰሙት ኦሮምኛ ነው፤ ከተጣሉ ወዲህ ግን ነገራቸው በአማርኛ ሆነ። አማርኛ አምቦ ላይ የቢሮ ቋንቋ ነው፤ ቢሮ ደግሞ መቆጣት ያምርበታል። እሱም ቢሆን በቀጥታ አይነጋገሩም። «ኦቦ ጉተማ፣ ገመዱን ላላ ያድርጉለት በሏቸው» ይላል ግርማ። «ጉተማ፣ በግ መያዝ ከሱ አልማርም በለው» ይላሉ ኦቦ ለሚ። ሁለት ክንድ እንኳ አይራራቁም። ኦቦ ጉተማ መሃል ሆነው ወዲህና ወዲያ እያስተላለፉ እንደ ስልክ ቤት ሠራተኛ ዋሉ።

ትንሽ እንደወረድን ቁልቁለቱ ስላዳለጣቸው ኦቦ ለሚ የሚመረኮዙበት ዱላ ሊቆርጡ ፈለጉ። «ጉተማ፣ ካራውን አቀብለኝ» አሉ። ኦቦ ጉተማ ግርማን አዩ። ግርማ ኦቦ ለሚን አየ። «በጉን ያመጣ ሰው ካራውን ሳይዝ ይመጣል ወይ? በሏቸው» አለ። «ቦታውን የመረጠ ጋባዥ ነው፤ ካራ የሚይዘው ጋባዥ ነው በለው» አሉ እሳቸው። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሦስት ትልልቅ ሰዎች አንድ በግ ሊያርዱ ያን ሁሉ ገደል ሲወርዱ ካራ የያዘ የለም። በጉ ብቻ ምንም ያልጎደለው መሰለ።

እኔ ከመቀነቴ ሰንጢዬን አወጣሁና ኦቦ ጉተማ እግር ሥር አስቀመጥኳት። ባሌ ለሽንኩርት አትበቃም ያላት ናት። ያየው እንደሆነ ብዬ ቀና አልኩ፤ ደሴቲቱን እያየ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ሰንጢዬ ዕረፍት አላገኘችም። ዱላው ተቆረጠባት። የግርማ የከተማ ጫማ በእሾህ ተበሳና እሾሁ ተረከዙ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፤ በጫፏ ተፈልፍሎ ወጣ። የበጉ ገመድ ረዝሞ እግር ቢጠልፍ አጠረባት፣ የለስላሳ ጠርሙስ ተከፈተባት፣ ለማሙሽ መጫወቻ ሸንበቆ ተቀረደደባት። ሰውን በጉዞ እወቀው ይላሉ። እኔ በሰንጢ አያያዙም ይታወቃል እላለሁ። ኦቦ ለሚ ከመክፈታቸው በፊት በመዳፋቸው መዘን ያደርጓታል፣ ስለቱን ወደ ራሳቸው አያዞሩም፣ ሲጨርሱ ጭናቸው ላይ ጠርገው አጥፈው ነው የሚያስቀምጧት። ግርማ እንደ ጠመኔ ይዟት ያስተምርባታል፤ «ያ የገደሉ ግድግዳ የተፈጠረው…» እያለ ይጠቁምና እንደ ተከፈተች ትቷት ይነሳል። እኔ ከኋላ እየተከተልኩ አጥፋታለሁ። ኦቦ ጉተማ ጥርሳቸውን ይጎረጉሩባታል። ከእርቁ በፊት እህል አይቀመስም ያሉት እሳቸው ናቸውና ከጥርሳቸው ምን እንዳወጡ አልጠየቅኋቸውም።

የምፈልገውን ነገርም ልብ ብዬ እከታተል ነበር። ግርማ ለኦቦ ጉተማ ሁለት ሦስቴ በእጅ ሰጣቸው፣ እሳቸውም ወሬ ይዘው ሳያስተውሉ ተቀበሉ። አልተጣሉም። እንዲያውም ይሳሳቁ ነበር። እንግዲህ ይህ ነገር ውሸት ነው ማለት ነው? ወይስ ጠቡ ቀን ይጠብቃል?

ሐሮ ወንጪ ከሚባለው መንደር ደርሰን ሐይቁ ዳር ለጥ ያለ ሣር ላይ አረፍን። በጉ ከአንድ ቁጥቋጦ ታሰረ። ግርማ ከትምህርት ቤት የተዋሰውን ሸራ ዘረጋና ካስማ የሚሆን እንጨት ሰበሰበ። ኦቦ ለሚ በበኩላቸው ድንጋይ መርጠው፣ ውሃ እያረጠቡ ሰንጢዋን ይስሉ ጀመር። ትንሽ ናት፣ በግ ታርድ ይሆን ወይ ብለው ኦቦ ጉተማ ቢጠራጠሩ፣ «የሚያርደው ርዝመቱ አይደለም፤ እጅ ነው» አሏቸው። በሬ ካራጁ ይውላል የሚባለው እውነት ነው፤ በጉ ቆሞ ሲስሉ ያያቸዋል።

ስለው ሲጨርሱ ሰንጢዋን አጠፏት። ያኔ ግርማ ካስማዎቹን ሊያሾል ፈልጎ እጁን ዘረጋ። ወደ ወንድሙ እጁን ሲዘረጋ በዓመቱ ማየቴ ነበር፤ ጡት የማጠባውን ልጅ እንኳ ረስቼ አየሁ። ኦቦ ለሚ የተዘረጋውን እጅ አዩት። ከዚያ ጎንበስ አሉና ሰንጢዋን ከሁለቱ መሃል፣ በጉ አጠገብ፣ ሣሩ ላይ አስቀመጡ።

«ያንሳ በለው።»

የግርማ እጅ እንደ ተዘረጋ ነው። «በእጄ ይስጡኝ በሏቸው። እኔ ለርዝራዥ አልጎነበስም።»

«በእርቅ ቀን ስለት በእጄ አልሰጥም በለው። ነገ ብንጣላ የኔ ጥፋት እንዳይሆን።»

«ተጣልተን የለም ወይ? ከዚህ ወዲያ በምን እንጣላለን? በሏቸው።»

ኦቦ ጉተማ ማስተላለፉ ሰለቻቸውና «ማል ጎና» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ፤ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው፣ ማንን እንደጠየቁ ግን አልታወቀም። ኦቦ ለሚ እንጨት ሊለቅሙ ወዲያ ሄዱ። ግርማ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ሐይቁ ወረደ። ሰንጢዋ ሣሩ ላይ ቀረች። እኔም ንፋሱ ማሙሽን እንዳይመታው ጀርባዬን ሰጥቼ ማጥባቴን ቀጠልኩ።

እሳት ሊነድ ሲል ኦቦ ጉተማ «በሉ በስመ አብ ሳይረሳ ይታረድ» ብለው ሰንጢዋን ጠሩ። ሰንጢ የለችም።

ኦቦ ለሚ ግርማ ወስዷል አሉ፤ አስቀምጬለት ነው የሄድኩት። ግርማ አልተቀበልኩም አለ፤ እጄ ላይ መች ሰጡኝ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። አንዱ ሰጥቷል፣ ሌላው አልተቀበለም። በሁለት እውነት መሃል አንድ ሰንጢ ሲጠፋ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሣሩ በእጅ ተዳበሰ። ኪስ ተገለበጠ። የማሙሽ ማዘያ ተራገፈ። ኦቦ ጉተማ ሐይቁን እንኳ ጎንበስ ብለው አዩት። ያልተጠየቀ ያልተፈተሸ የለም። በጉ ብቻ ነገሩ እንደማይመለከተው ሁሉ እግሩን አጥፎ ተኝቶ ያመነዥካል።

ቃል እየከረረ ሄደ። «ስሙንም ወሰደ፣ ሰንጢውንም ወሰደ በለው» አሉ ኦቦ ለሚ። ግርማ ያለውን እዚህ አልደግመውም፤ መምህር ነው፣ ተማሪዎቹ ያነቡት ይሆናል። ኦቦ ለሚ ዱላቸውን አነሱ። «በጉን ለአንተ ትቻለሁ ጉተማ፤ የአንተን ድካም አላጠፋም» ብለው ሽቅብ መንገድ ጀመሩ።

ጀርባቸውን እያየሁ ክረምቱ ታየኝ። የተዘጋ ቤት፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ የታመመ ልጅ ታቅፌ የማንኳኳው በር። አንድ ስምና አንድ ሰንጢ ይህን ሁሉ ሊያደርጉ? ሰንጢዋ ደግሞ የኔ ናት።

ወንጪ ዝናቡን ሲያመጣ አያስጠነቅቅም። ገደሉ ዙሪያውን ስለከበበው ደመናው ከኋላ ዞሮ አናት ላይ ነው የሚገኘው። ጠብ ጠብ አለ፣ ወዲያው በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ካስማ አልሾለም፣ አልተተከለም። ግርማና ኦቦ ጉተማ ሸራውን ከበጉና ከዕቃው በላይ በእጃቸው ወጠሩት፤ እኔም ሦስተኛውን ጫፍ ያዝኩ። አራተኛው ጫፍ ተንጠልጥሎ ውሃውን ሁሉ በኔ በኩል ይለቀው ጀመር። ማሙሽ ጀርባዬ ላይ ጮኸ።

ዝምተኛ መሆኔን ነግሬያችኋለሁ። ያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ድምፄን የሰማ አልነበረም። ያኔ ግን በቻልኩት ሁሉ «ጋሼ ለሚ፣ ልጁ ረጠበ» ብዬ ተጣራሁ።

ሮጠው ተመለሱ። አራተኛውን ጫፍ ያዙ። አራት ሰው አራት ጫፍ ይዞ ቆመ፤ ደረቁ መሃል የደረሰው ለበጉ ነው። ማሙሽ ግን አሁንም ጠርዝ ላይ ነው። ግርማ በአንድ እጁ ሸራውን እንደያዘ በሌላው ልጁን ከጀርባዬ አወረደው። እሱም ሸሚዙ ከላዩ ላይ ተጣብቋል፤ ልጁ ከብርድ ወደ ብርድ ነው የሄደው። ጋቢያቸው ከላይ ቢረጥብም ውስጡ ደረቅ የሆነላቸው ኦቦ ለሚ ብቻ ናቸው። በአንድ እጃቸው ጋቢውን ከፍተው ቆሙ።

እኔ እንግዲህ የማየት ልማዴ አልተወኝም፤ ልብ ብዬ ሁለቱን አየሁ። «ያምጣው በለው» እንዳይሉ ኦቦ ጉተማ በዝናቡ ጩኸት ምንም አይሰሙም። መሬት አስቀምጦ ማንሳት እንዳይባል መሬቱ ጭቃ ነው፤ ደግሞስ ልጅ መሬት አስቀምጠው ይሰጣሉ? ግርማ እጁን ዘረጋ። ኦቦ ለሚ እጃቸውን ዘረጉ። ማሙሽ ከእጅ ወደ እጅ ሄደ።

ጋቢው ውስጥ ገብቶም ማልቀሱን አልተወም። አጎቱ ሊያባብሉት ፈለጉ፤ ምን ብለው ይጥሩት? ያን ስም አንድ ቀን በአፋቸው አንስተውት አያውቁም። «ዝም በል፣ ዝም በል አንተ…» አሉና ቆሙ። ከዚያ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው «ዝም በል፣ አብዮት» አሉ። በዚያ ዘመን አብዮትን ዝም በል ያለ ሰው የት እንደሚያድር የታወቀ ነው። ደግነቱ የሰማነው እኛ ብቻ ነን። ማሙሽም ማን እንደጠራው ሊያይ ቀና አለና ጢማቸውን ጨበጠ። «አፍንጫው የአባባ ነው» አሉ ኦቦ ለሚ። በኦሮምኛ ነው ያሉት፤ ለኦቦ ጉተማ ሳይሆን በቀጥታ ለወንድማቸው። ግርማም በኦሮምኛ «ግትርነቱም ጭምር» አላቸው። ከዚያ በኋላ አማርኛው ቢሮው ገባ።

ሐይቁ ዳር ከነበረች ጎጆ አንዲት ሴት የኮባ ቅጠል ተከናንባ ብቅ አለች። «አከም ጅርቱ» ብላ ሰላም አለችንና ከእግር እስከ ራሳችን አየችን። ድንኳን የሚተክል ሰው አይቻለሁ፣ ራሱን ድንኳን አድርጎ የሚተክል ሰው ግን ዛሬ ገና አየሁ አለች። ትኩስ ድንችና ቆጮ ከበርበሬ ጋር በቅጠል ጠቅልላ ይዛልን ነበር። ቢላ የለንም ብንላት «እጅ የላችሁም?» አለችና ቆጮውን ቆራርሳ አንድ ቅጠል ላይ አደረገችልን። ሸራ የያዘ ሰው አንድ እጅ ነው ያለው፤ ማሙሽ ኦቦ ለሚ ደረት ላይ በጋቢው ተቋጥሯል፤ ወንድማማቾቹ ቆመው ከአንዱ ቅጠል እየቆረሱ በሉ፤ አንዱ ለማሙሽ ድንች ሲያላምጥ ሌላው በርበሬውን ይጠርግለታል። ደንቡስ እንዴት ይሆናል ብዬ ወደ ኦቦ ጉተማ ዞር አልኩ። አፋቸው ሞልቷል። «ደንቡ ስለ እህል ነው፤ ቆጮ የእንሰት ነው» አሉኝ። ስለ ድንቹ አልጠየቅኋቸውም።

በዚያው ቅጠል ላይ ኦቦ ለሚ «ክረምቱን እናቲቱም ልጁም እንጭኒ ናቸው፤ አንተ ሄደህ እስክትመለስ ሐሳብ አይግባህ» አሉት። ባሌ «እሺ ጋሼ» አለ። ቀጥሎም ቀስ ብሎ ማፏጨት ጀመረ። እኔ ሐይቁን የማይ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

ዝናቡ አባራ። መኪናው ሳይሄድብን አፋፉ ላይ መድረስ ስላለብን የበጉ ሞት ተራዘመ፤ እንጭኒ ሄዶ ጾሙ ሲፈታ እኛ ባለንበት እንዲታረድ ተወሰነ። ሸራው ታጠፈ። ኦቦ ጉተማ ገመዱን ፈትተው ሳብ ሲያደርጉት በጉ ተነሳ፣ ሰውነቱን አራገፈ፣ ሁላችንንም እንደገና አረጠበን።

የተኛበት ሣር ደረቅ ነው። በደረቁ ሣር መሃል ሰንጢዬ ኦቦ ለሚ እንዳጠፏት፣ እንዳስቀመጧት፣ ምንም ሳትነካ ትታያለች።

ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ይባላል፤ በግ ግን ተኝቶ እንደሚደብቅ የነገረን የለም። ኦቦ ጉተማ በጉን ብዙ ጊዜ አዩትና «ዓመት ሙሉ እግሬ እስኪነቃ የተመላለስኩበትን ሽምግልና እሱ ተኝቶ ጨረሰው» አሉ። ቅር ያላቸው መሰሉኝ።

ኦቦ ለሚ ማሙሽን በአንድ ክንዳቸው እንዳቀፉ ጎንበስ ብለው ሰንጢዋን አነሱ። ጭናቸው ላይ ጠረጓት። ከዚያ ሣሩ ላይ በማድረግ ፈንታ እጃቸውን ወደ ወንድማቸው ዘረጉ። «እንካ፣ በእጅህ ተቀበል። ያንተ ነው ልኩ፤ መሬት ላይ ባላስቀምጣት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር» አሉት።

የጊንጪው ጥያቄዬ ሊመለስ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። ግርማ ሰንጢዋን አየ። ወንድሙን አየ። ጋቢው ውስጥ የተሸጎጠውን ልጁን አየ። ከዚያ ሁለት እጆቹ ቀስ እያሉ ወደ ኋላው ሄዱ።

«ርዝራዥ መሆኑንማ ርዝራዥ ነው፤ ብቻ ጋሼ… ለማንኛውም መሬት ላይ ያድርጉልኝ» አለ።

ኦቦ ለሚ መሬት ላይ አደረጉለት። ግርማ ጎንበስ ሊል ሲል፣ እኔም፣ ኦቦ ጉተማም፣ ያቺ የሐሮ ወንጪ ሴትም፣ ሳንነጋገር፣ በአንድ ጊዜ በጉን ጥርቅም አድርገን ያዝነው።